የወፍጮ ቤቷ እመቤት ጥያቄ፦ መስመሩ ወደ ጅቡቲ፣ ጨለማው ለእኛ?

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። መብራት ሲጠፋ ማሽላ ተሸክመው የመጡ ሰዎች ሳያስፈጩ ይመለሳሉ። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ መስመር ግን ከዚሁ ከኮምቦልቻ ይነሣል አሉ። ልጄ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ አጎዋ ሲቋረጥ ከሥራ ወጣች። ሬዲዮው ምክር ቤቱ ከወዳጅ አገሮች ጋር የተደረገ ስምምነት አጸደቀ ይላል። ለእኛ ቤት ምን ይዞ መጣ?
(የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ደቡብ ወሎ)

መልስ፦ እትዬ፣ ከልጅዎ ልጀምር፤ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የእርሷ ነገር ነው። አጎዋ ተፈራርመን የገባንበት ውል አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካ የራሷ ሕግ ነው። መስፈርቱን ያሟሉ የአፍሪካ አገሮች ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል፤ ማን እንዳሟላ በየዓመቱ የሚወስነው ግን የእነሱ ፕሬዚዳንት ነው። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አገራችን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስትወጣ የምንጠቅሰው አንቀጽ አልነበረንም። ጦርነቱ ኮምቦልቻ በገባበት በዚያው ዓመት ገበያውም ተዘጋ። በሐምሌ 2009 የተመረቀው ፓርክ ደግሞ የታሰበው በዋናነት ለውጭ ገበያ ነበር። ልጅዎ በሥራዋ ምንም አላጎደለችም።

የኤሌክትሪክ ሽያጩ ግን ሌላ ነው። ጅቡቲ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በድሬዳዋ በኩል ኃይል ትገዛለች። እርስዎ የሰሙት ሁለተኛው መስመር ነው፤ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሰመራና በጋላፊ ያልፋል። ኬንያም በኅዳር 2015 መግዛት ጀምራለች፤ ውሏ የ25 ዓመት ነው። እንዲህ ያለው ውል ሻጩንም ገዢውንም ያስራል፤ አንዱ ወገን በራሱ ፊርማ ብቻ ሊሰርዘው አይችልም። እኔ የምደግፈው ይህን ዓይነቱን ወዳጅነት ነው።

«ታዲያ የእኔ ወፍጮ?» ይሉኛል። ትልቁ መስመር 230 ሺህ ቮልት ይሸከማል፤ የእርስዎ ሞተር የሚፈልገው 380 ቮልት ብቻ ነው። በመካከሉ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመርና ትራንስፎርመር አለ። ወፍጮዎን በአብዛኛው የሚያቆመው እዚያ የሚደርስ ብልሽት ነው። ለጅቡቲ መሸጥ ዛሬ ቢቆም እንኳ ያረጀ ትራንስፎርመር አይታደስም። ኃይል አመንጭቶ ወደ ውጭ የሚሸጠው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ለእርስዎ የሚያደርሰው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት። በ2006 ዓ.ም. ተለያይተዋል። ይህን የምለው ቅሬታዎን ለማሳነስ አይደለም። በመስመሩ ሥር እየኖሩ በጨለማ ማደር በደል ነው፤ ከሽያጩ ከሚገኘው ዶላር ለማከፋፈያው ማደሻ ይውጣለት ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

መጠየቂያው ጊዜ ከመጽደቁ በፊት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(12) መሠረት አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሥርዓቱ በአዋጅ ቁጥር 1024/2009 ተደንግጓል። ለመስመር ዝርጋታ የሚመጡ የብድር ስምምነቶችም እንደዚሁ በአዋጅ ይጸድቃሉ። ገንዘቡ ለምን ለምን እንደሚውል የሚታየው እዚያ ላይ ነው። አንዴ ከጸደቀ በአንቀጽ 9(4) የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል፤ ያኔ «ማከፋፈያው ተረሳ» ማለት ከረፈደ መጮህ ነው። ብድሩ ለቋሚ ኮሚቴ ሲመራ የምርጫ ክልላችሁ ተወካይ «ለኮምቦልቻና ለቃሉ ማከፋፈያ ስንት ተመደበ?» ብሎ እንዲጠይቅ አስቀድማችሁ ንገሩት።

እስከዚያው ከጎረቤት ወፍጮ ቤቶች ጋር ሆናችሁ መብራት የጠፋባቸውን ቀናትና ሰዓታት መዝግቡ። የየቆጣሪያችሁን ቁጥር ጽፋችሁ ማመልከቻውን ለአገልግሎቱ ቅርንጫፍ አስገቡ፤ ግልባጩ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ሳታስመቱ አትውጡ። መልስ ካጣችሁ ግልባጩን ይዛችሁ ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አቤት በሉ።