ከልደት እስከ 3 ዓመት፦ ልጅን ቤት ውስጥ ስለማስተማር ጠይቁኝ

በአፀደ ሕፃናት 19 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አሁን የልጅ ልጅ ይዣለሁ። ቤት ውስጥ ብዙ ያናገሩት ልጅ ክፍል በገባ በሳምንቱ ይለያል። ስለዚህ መልሶቼ ደጋግመው ወደ ወሬ ቢመለሱ አትገረሙ።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ወሯ ነው፤ ገና ምንም አይገባትም። ከመቼ ጀምሬ ላስተምራት?

ጀምረሻል እኮ፣ እህቴ! ድምፅሽን ሆድሽ ውስጥ ሆና ስትሰማ ነው የቆየችው። አራስ ልጅ ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው፤ ጡት ስታጠቢያት ፊትሽ የሚገኘው እዚያው ላይ ነው። ልብስ ስትቀይሪላት «እግርሽን አምጪ፣ ካልሲ እናድርግ» በያት። «አጉ» ስትል «አጉ! ራበሽ እንዴ?» ብለሽ መልሺና ዝም ብለሽ ጠብቂ። ብዙዎቻችን የሚያቅተን ይሄ መጠበቅ ነው፤ ቶሎ ሌላ ነገር እንጀምርባቸዋለን። ትናንት የልጅ ልጄን አናግሬ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አፏን አሞጠሞጠች፣ እግሯን አወራጨች፣ ስድስት ላይ ስደርስ ድምፅ አወጣች። ስታስብ ነበር!

ነቅታ ሳለች ደግሞ በደረቷ አስተኚያት። የዓለም ጤና ድርጅት ገና ዳዴ ለማይሉ ሕፃናት በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ ይመክራል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ እየተባለ ይሞላል። ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባዋ።

ጥያቄ፦ 8 ወሩ ነው፣ ዎከር (ልጅ ውስጡ ሆኖ የሚገፋው ባለ ጎማ መራመጃ) ልግዛለት?

አትግዢ። ልጆች ከነዎከራቸው ከደረጃ እየወደቁ ስለተጎዱ ካናዳ በ2004 ሽያጩን ከልክላለች። መራመድንም አያፋጥንም። ወለሉ ላይ ዳዴ ይበል፣ ወንበር ይዞ ይቁም፤ እናንተ «ወፌ ቆመች» እያላችሁ አጨብጭቡለት።

ጥያቄ፦ መጫወቻ ተወደደብን፤ ምን እንስጠው?

ድስት ከነክዳኑ፣ ማማሰያ፣ የፕላስቲክ ሳህን። ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ ማንኪያውን በነጠላ ሸፍናችሁ «የት ገባ?» በሉት። ከዓይኑ የተሰወረ ነገር እንዳልጠፋ የሚገባው በዚያ ዕድሜ ነው፤ ፊታችንን ሸፍነን ብቅ ስንልለት የሚፍለቀለቀውም ለዚሁ ነው። ሁለት ዓመት ሲጠጋው ካልሲ ከነጓደኛው ያዛምድ። ሽምብራ፣ ቆርኪና ሳንቲም ግን 3 ዓመት እስኪሞላው እጁ አይግቡ፤ ያንቃሉ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ዘመዶቻችን «በሁለት ቋንቋ ያደገ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም» አሉን። አማርኛውን እንተው?

አትተዉ፣ ወንድሜ። ሁለት ቋንቋ አንደበት አያዘገይም። ቃላቱን ስትቆጥሩ የሁለቱንም ደምሩ። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ያገኘዋል፤ አማርኛውን ግን ከእናንተ ካልሰማ ከማን ይሰማል?

ጥያቄ፦ ልጄ 2 ዓመት ሊሞላው ነው፤ «እማ» እና «ባባ» ብቻ ነው የሚለው። አማቴ «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፣ ተይው» ይሉኛል።

አማትሽን አክብሪያቸው፣ ግን አትጠብቂ። ወንዶች ትንሽ ዘግየት ማለታቸው እውነት ነው። ያም ሆኖ በሁለት ዓመቱ 50 ያህል ቃል ሊኖረው፣ «ውሃ ስጪኝ» ብሎ ሁለት ቃል ሊያጋጥም ይገባል። በዓመቱ በጣቱ የማይጠቁም፣ እጁን አውለብልቦ «ቻው» የማይል ልጅም መታየት አለበት። ያውቀው የነበረውን ቃል የተወ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ነገ ዛሬ ሳይባል ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ከሁሉ በፊት ጆሮውን አስመርምሪለት። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ሁሉም «ዝምተኛ ነው» ይለዋል። ከኋላው ሆኜ ስሙን ስጠራ አልዞረም፤ ፊቱ መጥቼ ስጠራው ግን ሳቀልኝ። ችግሩ ጆሮው ነበር፣ ያውም መታከም የሚችል። ያ ልጅ ሳይሰማ ያሳለፈው ጊዜ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ካርቱን ካልከፈትኩለት አይበላም። ዓመት ተኩሉ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመትም ከአንድ ሰዓት አይበልጥ ይላል። በአንድ ቀን አይቆረጥም። ከምሳው ጀምሪ፤ አብራችሁ ቅረቡ፣ እንጀራውን ራሱ ይቁረስ፣ ልብሱን ቢያበላሽም ተይው።

ጥያቄ፦ ኩዌት ነው የምሠራው። ልጄ 19 ወሯ ነው፣ ደሴ ከእናቴ ጋር ናት። የምንገናኘው በቪዲዮ ብቻ ነው። ይሄ ለእሷ ይጠቅማታል?

ይጠቅማታል፣ ልጄ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንኳ ከዓመት ተኩል በታች ስክሪን ሲከለክል ከቤተሰብ ጋር በቪዲዮ መነጋገርን አልከለከለም። ከቻልሽ በአንድ ሰዓት ደውይ፣ መጀመሪያም ያንኑ አንድ ዘፈን ዝፈኚላት። ፊትሽን በሻሽ ሸፍነሽ ብቅ በይላት። እናትሽ አጠገቧ ሆነው «እማዬ ምን አለች?» ይበሏት። ዞር ብላ ከሄደችብሽ አይክፋሽ፤ በዚህ ዕድሜ አምስት ደቂቃ ብዙ ነው። እናትሽ ስልኩን ግድግዳ አስደግፈው ያቁሙትና አንቺ ጨዋታዋን እያየሽ «ኳሷን ያዝሻት፤ ውይ፣ ተንከባለለች!» እያልሽ አውሪላት። ድምፅሽን ሰምታ ትመለሳለች።