ፖስተሩ ላይ ዓመተ ምሕረት ጻፉበት

ዕድሜዬን የጨረስኩት የኪነ ጥበብ ዜና ስሠራ ነው፤ በጋዜጣ አምድም፣ በሬዲዮም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ልማድ ግን አይለቅም፤ ቅዳሜ ሲደርስ «ዛሬ የት ምን አለ?» ማለቴ አልቀረም። እናንተ የኪነ ጥበብ ዝግጅት የምትዘግቡ ወጣቶችም በየአዳራሹ ስልካችሁን ዘርግታችሁ ስትቀርጹ አያችኋለሁ። ቲክቶክ ላይ የምትለቁትን፣ በቴሌግራም የምትልኩትን እከታተላለሁ። ደስ ትሉኛላችሁ። ይህን የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ቤቴ ውስጥ በካርቶን የተቀመጡ አሮጌ ፖስተሮች አሉ። የቴአትር፣ የሥዕል ዐውደ ርእይ፣ የግጥም ምሽት፣ የመጽሐፍ ምረቃ። አንዱ ላይ «እሑድ ግንቦት 12 ከቀኑ 8 ሰዓት» ይላል። ዓመተ ምሕረት የለውም። ያኔ ሁሉም ሰው ዓመቱን ስለሚያውቅ ማን ይጽፈዋል? በቀደም አንዲት ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ ፈልጋው መጣች። ግንቦት 12 እሑድ የዋለው በ1993 ነው፣ በ1999 ነው ወይስ በ2004? ተቀምጠን ቆጠርን፤ ቆጥረንም እርግጠኛ አልሆንንም። የተዋናዮቹ ስም የለም። አዘጋጁም የለም። ትልቅ ሆኖ የተጻፈው የስፖንሰሩ ስም ብቻ ነው።

የእናንተ ዲጂታል ፖስተርም ከዚያ ብዙ አይሻልም። «ነገ ማታ እንዳትቀሩ!» ይላል። ነገ መቼ ነው? ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ቦታውን ከነሰፈሩ፣ የባለሙያዎቹን ስም ከነአባታቸው ጻፉ። ከዚህ ሁሉ ምክሬ አንዷን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙ።

አዲስ አበባ ለማስታወስ አትመችም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ሲቃጠል እዚያው የነበረው የጃዝ ቤት፣ ጃዝአምባ፣ አብሮ ሄደ። እዚያ መድረክ ላይ ማን ከማን ጋር ተጫውቶ ነበር ብትሉ የሚነግራችሁ በቦታው የነበረ ሰው ብቻ ነው። ካሳንቺስ ሲፈርስ ደግሞ ፈንድቃ የባህል ማዕከል ከለመድነው ግቢ ተነሳ። አዝማሪ ቤት የነበረውን ቦታ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ እስክስታው፣ ጃዙ፣ ሥዕሉና ግጥሙ የሚገናኙበት ግቢ አደረገው፤ የኔዘርላንዱን የፕሪንስ ክላውስ ሽልማት እስከማግኘት ደርሷል። የውጭ ጋዜጠኞች ጽፈውለታል። እኛስ? እዚያ በየማታው ማሲንቆ ሲመቱ፣ ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ የነበሩትን ሰዎች በስማቸው የመዘገበ ስንት አለን? ይህ ያንገበግበኛል። ቤት ሊፈርስ ይችላል፤ ማስታወሻውን አለመያዝ ግን የኛ ስንፍና ነው።

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ ታውቁታላችሁ። የከተማው ሰው «አንበሳው ጋር እንገናኝ» ሲል ነው የኖረው። የቀረጸው ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ቴአትር ቤቱ በ1948 ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ሲከፈት የተሠራ ነው። በአደባባይ የቆመ ድንጋይ እንዲህ ከተረሳ፣ አንድ ማታ ተነቦ የሚያልቅ ግጥም ምን ሊሆን ነው?

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ብዙዎቻችሁ የምትመጡት በመክፈቻው ሰዓት ነው። ለሥዕል ዐውደ ርእይ ይህ ትክክለኛው ሰዓት አይደለም። በመክፈቻው ዕለት ሰዓሊው እንግዳ ሲቀበል፣ ሲጨብጥ፣ ፎቶ ሲነሳ ያመሻል። ሥዕል በሚሰቀልበት ቀን ሂዱ። ያኔ ሰውየው መሰላል ላይ ነው፤ ምስማር በከንፈሩ ይዞ፣ ውሃ ልክ ሥዕሉ ላይ አስደግፎ። «እስቲ ከዚያ ማዶ ሆነህ እየው፣ ዘመመ?» ይላችኋል። ያኔ ጠይቁት። ይህቺ ለምን ከዚያች ጎን ተሰቀለች? ይቺንስ ለምን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተውካት? በማግስቱ ለማይክ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል። ቴአትርም እንዲሁ ነው። ልምምድ ላይ ግቡ። መብራት የሚሠራውን፣ ልብስ የምታዘጋጀዋን እዩ። ስማቸውንም ጻፉ፤ በየትኛውም ዜና ስማቸው ተጠርቶ የማያውቅ እነሱ ናቸው።

መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ስትሄዱ ግድግዳው ፊት ቆማችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ። ተነሱ፣ ክፋት የለውም። ግን ግድግዳውን በእጃችሁ ዳብሱት። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2011 የከፈቱት ያ ቦታ የቆመው በጭቃና በጭድ ነው፤ አያቶቻችን ቤት በሠሩበት ዘዴ። ጭቃው እንዴት ተቦካ? ምርጉን ማን ሠራው? አንድ ሰው ይህን ጠይቆ ቢጽፍ ከመቶ ፎቶ በላይ አነበው ነበር።

የመጽሐፍ ምረቃ ዘገባችሁ ላይ ቅሬታ አለኝ። «የክብር እንግዳው እገሌ፣ እገሊት በተገኙበት» ተብሎ ይጀመርና እዚያው ያልቃል። መጽሐፉ ስለምንድነው? ከመድረክ የተነበበው ገጽ እንዴት ነበር? ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው ማስታወሻ የሚይዙ አንባቢዎችን አያለሁ። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ጥሩውን ጥያቄ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። ካሜራው ግን ያኔ ተጠቅልሎ ሄዷል። እስከ መጨረሻው ቆዩ። የዝግጅቱ ፍሬ ብዙውን ጊዜ ያለው ሰዓት አልፏል እየተባለ ከሚጣደፈው ክፍል ላይ ነው።

ስለ ገንዘብም በግልጽ ልናገር። «የትራንስፖርት» እየተባለ በፖስታ የሚሰጣችሁን አትቀበሉ። ትንሽ ናት፣ ሁሉም ይቀበላል፣ ይሉኝታም አለ፤ አውቃለሁ። ግን ፖስታውን የተቀበለ እጅ «ቴአትሩ ሁለተኛው ክፍል ላይ ወደቀ» ብሎ ለመጻፍ ይከብደዋል። ከቻላችሁ ቲኬት ቆርጣችሁ ግቡ። አንድ ጊዜ አንድ ፕሮዲዩሰር በጻፍኩት ተቆጥቶ «ሁለተኛ በዚህ በር እንዳትገባ» አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ቲኬት ቆርጬ ተሰልፌ ገባሁ፤ ማንም አልከለከለኝም።

ሂስ ስትጽፉ ምክንያታችሁን አስቀምጡ። «ደካማ ነው» ማለት ሂስ አይደለም። የትኛው ትዕይንት፣ የትኛው ስንኝ፣ ለምን? ይህ ከተማ ትልቅ ቢመስልም የኪነ ጥበቡ ሰፈር ጠባብ ነው። ዛሬ የጻፋችሁበትን ሰው ነገ ቡና ቤት ታገኙታላችሁ። ምክንያት ከጻፋችሁ ይከራከራችኋል እንጂ አይጠላችሁም። ስድብ ከጻፋችሁ ግን እሱም እናንተም ምንም አልተማራችሁም።

የሠራችሁትንም ጠብቁት። የቴሌግራም ቻናል ይዘጋል፣ የዩቲዩብ አካውንት ይሰረቃል፣ ስልክ ታክሲ ውስጥ ይጠፋል። ዋናውን ቅጂ ሀርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ አንድ ሳይሆን ሁለት ቦታ። የታተመ ፕሮግራም ወይም መጽሔት ካላችሁ አንድ ቅጂ ለወመዘክር ስጡ። ያ ቤት ከ1936 ጀምሮ የቆየው የሀገር ወረቀት ሊጠብቅ ነው፤ የእናንተም ወረቀት የሀገር ነው።

መቼም ሁሉ ነገር ፒያሳና ቦሌ አይደለም። ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት ኮዬ ፈጬ፣ ጎሮ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ማታ የግጥም ምሽት ሲያልቅ ታክሲ የለም። ስለዚህ አትመጡም፤ አልፈርድባችሁም። ግን በየግቢያችሁ ኮሚናል፣ የጋራ አዳራሽ፣ አለ። ሠርግና ለቅሶ ከሌለ ባዶውን ይውላል። እኛ በወጣትነታችን የቀበሌ አዳራሽ ነበረን። ዛሬ ስማቸውን የምትጠሯቸው ብዙ ተዋንያንና ዘፋኞች ከቀበሌ ኪነት ነው የወጡት። ሀገር ፍቅር ቴአትርም ቢሆን መኮንን ሀብተ ወልድ በ1927 ሲመሠርቱት ማኅበር ነበር፤ የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለማነሣሣት።

ኮሚናሉን ጠይቁ። ደብዳቤ ጽፋችሁ፣ ሰዓቱን ወስናችሁ፣ ጠርጋችሁ እንደምታስረክቡ ቃል ገብታችሁ። የሰፈሩን ገጣሚ፣ ክራር የሚነካውን ልጅ፣ ተረት የሚያውቁትን እማማ ጋብዙ። ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ የሰፈራችሁ ልጆች የጨመሩትን አዲስ ስንኝ ቅረጹ፤ የሚቀጥለው ዓመት ሌላ ነው የሚሉት። መጀመሪያ ቀን አሥራ አምስት ሰው ቢመጣ በቂ ነው። ራስ ሆቴል ይካሄድ የነበረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ ሰውን ያስለመደው በየወሩ አለሁ በማለቱ ነው፤ ረቡዕ ማታ ሲደርስ ሰው ሳይጠራ ይመጣ ነበር። እናንተም ቀን ቁረጡና አትቀያይሩት። የዕለቱ ዝግጅት አልቆ ሰው ወንበር ማጠፍ ሳይጀምር የሚቀጥለውን ቀን ከመድረክ ተናገሩ፤ ከነዓመተ ምሕረቱም በሩ ላይ ለጥፉት።