ለቲማቲም ሥር የሚሸጠው ጋዝ

ጥያቄ፦ ሰበታ ዳር በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ቲማቲም አመርታለሁ። ተክሉ ይቀጭጫል፤ ውኃ እየጠጣም እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተሰካካ እብጠት አለ። አንድ ሰው ከአበባ እርሻ የተረፈ ሜቲል ብሮማይድ የሚባል ጋዝ በሲሊንደር ሊሸጥልኝ ነው፤ «አፈሩን አንዴ ካጠንከው ነፃ ነህ» ይለኛል። ጎረቤቴ ግን ኦዞን ስለሚያጠፋ የተከለከለ ነው አለ። የእኔ አንድ ሲሊንደር ሰማዩን ምን ያደርገዋል?

መልስ፦ አይግዙት።

የነገሩኝ ምልክት ሥር የሚያሳብጥ ኒማቶድ ነው፤ በዓይን የማይታይ የአፈር ትል። ጋዙ እንደሚገድለው አልክድም። ነገር ግን ጠቃሚዎቹንም የአፈር ነፍሳት አብሮ ይጨርሳል፤ ትሉም ከጥልቅ አፈርና ከተበከለ ችግኝ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ የከፋው እርስዎ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከአየር ይከብዳል፣ ሳንባንና ነርቭን ይጎዳል፤ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ፕላስቲክ ቤቱ ከመኖሪያዎ አጠገብ ከሆነ ልጆችንም ያስቡ።

ስለ ሰማዩ ጎረቤትዎ ልክ ናቸው። አፈሩ በፕላስቲክ ቢሸፈንም ብዙው ጋዝ ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለው፣ ጎጂ የፀሐይ ጨረር ከሚከላከልልን የኦዞን ንጣፍ ሲደርስ በውስጡ ያለው ብሮሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቀቃል፤ አንድ የብሮሚን አቶም፣ ኦዞን በማጥፋት ከሚታወቀው ከክሎሪን አንድ አቶም ከ40 እጥፍ በላይ ኦዞን ያጠፋል። ንጣፉ ሲሳሳ የሚጨምረው ጨረር ሰብልንም የሰው ዓይንንም ይጎዳል። አንድ ሲሊንደር ብቻውን ሰማይ አይቀድም፤ ግን እያንዳንዱ ገበሬ እንዲሁ ቢል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1987 ኦዞን የሚያጠፉ ኬሚካሎችን ለማስቆም የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ወረቀት ሆኖ በቀረ ነበር። ሜቲል ብሮማይድ በ1992 ተጨመረበት፤ ኢትዮጵያም በ1994 ስምምነቱን ተቀብላለች። እንደ እኛ ላሉ አገሮች ለእርሻ የሚውለው እ.ኤ.አ. እስከ 2015 እንዲቆም ተወስኖ ነበር። ለኳራንቲን (ተባይ ከአገር አገር እንዳይዛመት ለመከላከል) እና ለወጪ ምርት ማጠኛ ግን አሁንም ስለሚፈቀድ ሲሊንደሩ ከገበያ ጨርሶ አልጠፋም። ደግነቱ ጋዙ አየር ላይ ከአንድ ዓመት ያነሰ ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ መተው ውጤቱ ቶሎ ይታያል። ንጣፉም እያገገመ ነው፤ አሁን በተያዘው መንገድ ከቀጠለ በአብዛኛው ዓለም እ.ኤ.አ. በ2040 ገደማ ወደ 1980ው ደረጃ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል።

ወደ ማሳዎ እንመለስ። የታመመውን ተክል ከነሥሩ ነቅለው ያቃጥሉ፤ ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይጥሉት። ከዚያ በበጋው ፀሐይ አፈሩን ቆፍረው ያለስልሱ፣ በደንብ ያጠጡ፣ በቀጭን ነጭ (ብርሃን በሚያሳልፍ) ፕላስቲክ ጠርዙን በአፈር ቀብረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሸፍኑት፤ ቤቱንም ዝጉት። ጥቁር ፕላስቲክ እንዳይጠቀሙ፣ ሙቀቱን ወደ ታች አያወርድም። ሰበታ ደጋማ ስለሆነ ሜዳ ላይ ቢሆን ብዙም አልመክርም ነበር፤ የእርስዎ ግን የተዘጋ ቤት ነው፣ ይሞቃል። ጥልቁን አያጸዳም፤ ለዚህ የበሰበሰ ፍግ በብዛት ይጨምሩ፣ ኒማቶድ የሚቋቋም የቲማቲም ዝርያም ይጠይቁ። ከተከሉ በኋላ አፈሩ ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን የዝርያው መቋቋም ስለሚዳከም ቤቱን ያናፍሱ። ችግኝ የሚያፈሉበትን አፈር በእንፋሎት ቀቅሉት።

በምን ሰብል ማፈራረቅ እንዳለብዎ አሁን አልነግርዎም፤ አንዱ የኒማቶድ ዓይነት ገብስና ስንዴ አይነካም፣ ሌላው ይነካል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እርጥብ ሥርና አንድ ኪሎ ያህል አፈር በላስቲክ አስረው፣ ፀሐይ ሳያገኘው፣ በቀበሌዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በኩል ለዕፅዋት ጥበቃ ላብራቶሪ ያስልኩ።