ታንክን በብረቱ ውፍረት ለምትለኩ ልጆች

የታንክ ታሪክ የምትወዱ ወጣቶች ሁለት ታንክ ስታወዳድሩ መጀመሪያ የምታነሱት የብረቱን ውፍረትና የመድፉን አፈ ሙዝ ስፋት ነው። ቁጥሩ በቀላሉ ስለሚገኝ አልፈርድባችሁም። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ብትቆጥሩ እወዳለሁ፦ ውስጡ ስንት ሰው ተቀምጧል? እያንዳንዱስ ስንት ሥራ ተሸክሟል? የመጀመሪያዎቹን ቀላል ታንኮች በዚህ በኩል ካያችኋቸው ከ1918 እስከ 1940 የሆነው ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። (ዓመቶቹንም ወራቱንና ቀኖቹንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከፈረንሳዩ ሬኖ ኤፍ ቲ ጀምሩ። የመድፈኛ መኮንኑ ዣን ኤስቲየን ሐሳቡን ይዞ የመኪና ፋብሪካ ባለቤቱ ሉዊ ሬኖ ዘንድ ሄደ፤ ከፋብሪካው የወጣው 6.5 ቶን የሚመዝን፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ታንክ ነው። ሾፌሩ ከፊት፣ ዙሪያውን የሚሽከረከረው ማማ ከመሀል፣ ሞተሩ ከኋላ። ዛሬም አብዛኛው ታንክ የሚሠራው በዚሁ አቀማመጥ ነው። ያን ጊዜ የእንግሊዞቹ ከባድ ታንኮች ስምንት ሰው ከሞተሩ ጋር በአንድ ክፍል አጉረው፣ መድፋቸውን በጎንና በጎን ሰቅለው ይሄዱ ነበር። ሙቀቱና ጭሱ ሰዎቹን ራሳቸውን ያስት ነበር። ኤፍ ቲ ሞተሩን በብረት ግድግዳ ለየው። ለእኔ ከማማው እኩል የሚቆጠር ሥራ ነው፤ መጻሕፍቱ ግን ማማውን ብቻ ያሞግሳሉ።

አሁን ሥራውን ቁጠሩ። ሾፌሩ ይነዳል፤ የቀረው ሁሉ የአዛዡ ነው። አዛዡ መቀመጫ እንኳ የለውም። ይቆማል፣ ወይም እንደ ዥዋዥዌ በተንጠለጠለ ጠፍር ላይ ይቀመጣል። ማማውን በገዛ ጉልበቱ ገፍቶ ያዞራል። 37 ሚሊ ሜትር መድፍ ከተገጠመለት ራሱ ያጎርሳል፣ ራሱ ያልማል፣ ራሱ ይተኩሳል፤ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድም ራሱ ይወስናል። ከሾፌሩ ጋር በድምፅ መነጋገር ስለማይቻል የአሜሪካ ሠራተኞች በእግር ይግባቡ ነበር፦ ጀርባን መምታት ወደ ፊት ሂድ፣ ትከሻን መምታት በዚያ በኩል ዙር፣ ራስን መምታት ቁም ማለት ነው። ይህ ሁሉ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ስለሚሆን ቀርፋፋነቱ ራሱ አዛዡን ያግዘው ነበር። በ1918 ዓ.ም. ግንቦት 31 ሬትዝ ጫካ አጠገብ መጀመሪያ ሲዋጋም፣ በመስከረም አሜሪካዊው መኮንን ፓተን በሳን ሚየል ሲመራውም ዋናው ዘዴ ብዛት ነበር፤ አንዱ ቢቆም ሌላው ያልፋል። አንደኛው የዓለም ጦርነት እስኪያበቃ ከ3,000 በላይ ተሠርቷል።

ሲበላሽስ? ሞተሩ 35 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ብዙ ጊዜ የሚያቆመው የማራገቢያው ቺንጋ ነበር፤ ቺንጋው ሲበጠስ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ታንኩም ጥይት ሳይነካው ይቆማል። ሰንሰለቱ መንገድ ላይ ቶሎ ስለሚያልቅ ወደ ግንባር የሚያደርሱት በባቡር ወይም በከባድ መኪና ጭነው ነው። ከኋላው የምታዩት ጅራት ጌጥ አይደለም፤ አጭሩ ታንክ ምሽግ ሲሻገር ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ ይደግፈዋል።

በመሪው ጉዳይ ትንሽ ልቆይ፤ ባለ ሰንሰለት ማሽን ላይ ለመሥራት የምትዘጋጁ መካኒኮች ዛሬም ያስፈልጋችኋል። በእነዚህ አሮጌ ታንኮች እያንዳንዱ ጎን የራሱ ፍሪሲዮንና ፍሬን አለው። ወደ ቀኝ ለመዞር የቀኙን ፍሪሲዮን ስባችሁ ኃይሉን ትቆርጣላችሁ፤ ካልበቃ ፍሬን ትጨምራላችሁ። ሜዳ ላይ ይሠራል። ቁልቁለት ላይ ግን ጉድ ይመጣል። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሞተሩ ታንኩን ይዞ ሲያወርድ የቀኙን ኃይል ብቻ ብትቆርጡ የቀኙ ሰንሰለት ከሞተሩ መያዣ ያመልጥና ይፈጥናል፤ የግራው እንደተያዘ ይቀራል፤ ታንኩ እናንተ ወዳላሰባችሁት ወደ ግራ ይዞራል። ገደል አፋፍ ላይ ይህን የማያውቅ ሾፌር ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። መፍትሔው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት፣ ኃይል ሲቆረጥም የዚያኑ ጎን ፍሬን አብሮ መያዝ ነው።

ሰንሰለት የሚወልቀውም በአብዛኛው በጠላት አይደለም። ሰንሰለቱ ከላላ ድንጋይና ጭቃ በእሱና በስፕሮኬቱ (ሰንሰለቱን በሚያሽከረክረው ባለ ጥርስ ጎማ) መሀል ይገባና ጥርሱን ያስለቅቀዋል፤ በተለይ ጎኑ ያዘነበለ መሬት ላይ በድንገት ስትዞሩ። ይህን ፈርታችሁ ከመጠን በላይ ብትወጥሩት ደግሞ ፒኖቹና ኩሽኔታዎቹ ያልቃሉ፣ ሞተሩም ጉልበቱን ሰንሰለት በመጎተት ይጨርሳል። ጭቃ ውስጥ ሲገባ ጭቃው ራሱ ስለሚወጥረው መጠኑን እንደ መሬቱ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ከጦርነቱ በኋላ ገንዘብ አጠረ፤ እንግሊዞቹ ሰር ጆን ካርደንና ቪቪያን ሎይድም 1.5 ቶን ያህል የምትመዝን፣ ማማ የሌላት፣ በአንድ መትረየስ የታጠቀች ትንሽ ማሽን አወጡ። ርካሽ ስለነበረች ብዙ አገር ገዛት ወይም ቀዳት፤ የሶቪየቷ ቲ-27፣ የፖላንዶቹ ቲኬዎች፣ የኢጣሊያዋም ሲ ቪ 33 ከዚያው የመጡ ናቸው። የኢጣሊያዋ ወደ እኛው ተራሮች ስለመጣች እሷን በደንብ እንያት።

ክብደቷ 3.2 ቶን አካባቢ፣ ሞተሯ 43 የፈረስ ጉልበት፣ ቁመቷ 1.3 ሜትር ያህል ብቻ፤ ከቆመ ሰው ደረት ብዙም አታልፍም። በመንገድ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ጉልበቷን ለክብደቷ ብታካፍሉ በቶን 13 የፈረስ ጉልበት ይወጣል፤ የኤፍ ቲ 5.4 ነው። በሠንጠረዥ ካያችኋት ትልቅ እድገት ናት። መትረየሶቿ ግን ፊት ለፊት ተተክለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞሩት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ጎን ላይ ያለውን ሰው ለመምታት ታንኳ ራሷ መዞር አለባት፤ ስለዚህ የተኳሹ ዓይን በሾፌሩ እጅ ነው ማለት ነው። ሰንሰለቱ ከተያዘ ወይም መንገዱ ከጠበበ መትረየሱም አብሮ ታሰረ።

በ1935 ዓ.ም. ታኅሣሥ አጋማሽ፣ የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጊና መተላለፊያ ከኢጣሊያ ጦር ጋር ሲገጥም የሆነው ይህ ነው። የኢጣሊያው ሻለቃ ክሪኒቲ ከባንዳ ወታደሮቹ ጋር ትንንሾቹን ታንኮች ይዞ ሰብሮ ለመውጣት ሞከረ። ድንጋያማውና ጠባቡ መንገድ ፍጥነታቸውን ነጠቃቸው። ከታንኮቹ ጎንና ጀርባ ሆኖ የሚጠብቃቸው እግረኛም ተበታተነ። ከዚያ በኋላ የእኛ ተዋጊዎች መትረየሱ በማይደርስበት በኩል ተጠግተው ላያቸው ላይ ወጡባቸው። ጀግንነቱን ሁላችንም እናወራለን፤ ማውራታችንም ተገቢ ነው። ባለሙያ መሆን የምትፈልጉ ግን ከጀግንነቱ ጋር ያንን የጎደለ ማማ አስቡት። ዙሪያውን የሚተኩስ አንድ መትረየስ ያለው ኤፍ ቲ፣ ቀርፋፋ ቢሆንም፣ ጀርባው ላይ ለመውጣት እንዲህ አይመችም ነበር። ኢጣሊያ በኋላ ነበልባል የሚተፉ ሲ ቪዎችን ጨመረች፤ 500 ሊትር ያህል ነዳጅ በተጎታች እየጎተቱ የሚሄዱ ነበሩ። ማማ ግን አልጨመረችም። በ1940 ሊቢያ ውስጥ እንግሊዞችን የገጠመችውም በአብዛኛው በእነዚሁ ነው።

የብረት ውፍረትም የሚነገረውን ያህል አይነግራችሁም። የሲ ቪ ከ6 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተራ የጠመንጃ ጥይት ይመልሳል። ጥይቱ የማያ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ግን የቀለጠ እርሳስ ወደ ውስጥ ይረጫል፤ ሰለባው የሰዎቹ ዓይን ነው። በሪቬት (ባለ ጭንቅላት ወፍራም የብረት ምስማር) የተያያዘ ብረት ደግሞ ሳይበሳ እንኳ የሪቬቱ ጭንቅላት ተቆርጦ በውስጥ በኩል እንደ ጥይት ይበራል። ፎቶ ስታዩ የሪቬቱን ረድፍ እዩ፤ ሠንጠረዡ ላይ አይጻፍም።

ታንኩ መሬቱ ላይ የሚያሳርፈውን ጫና ራሳችሁ አስሉ። ክብደቱን በኪሎ ግራም ውሰዱ፣ መሬት በሚነካው የሁለቱ ሰንሰለት ስፋት አካፍሉ። 6,000 ኪሎ ግራም ታንክ፣ እያንዳንዱ ሰንሰለት 30 ሴንቲ ሜትር ወርድና 250 ሴንቲ ሜትር መሬት የሚነካ ርዝመት ካለው፣ 6,000 ለ15,000 ነው፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.4 ኪሎ ግራም። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው የሰንሰለቱን ሙሉ ርዝመት ሲያስገባ ነው። ከፊት አይድለሩ (ሰንሰለቱን የሚመልሰው ጎማ) ላይና ከኋላ ስፕሮኬቱ ላይ የተንጠለጠለው ክፍል ምንም አይሸከምም።

ወደ ሥራው ክፍፍል ልመለስ። ፈረንሳዮች በኤፍ ቲ አሸንፈው ስለነበር አንድ ሰው ማማ ውስጥ ይበቃል የሚለው ልማድ አልለቀቃቸውም። በ1930ዎቹ የሠሩት ሬኖ አር 35 ብረቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጊዜው የጀርመን ቀላል ታንኮች ሊበሱት የሚቸገሩበት ውፍረት። ማማው ውስጥ ያለው ግን አሁንም አንድ ሰው ነው፤ አብዛኞቹም ሬዲዮ አልነበራቸውም። የጓድ አዛዥ ከሆነ ደግሞ ከማጉረሱና ከማለሙ ጋር ሌሎቹን ታንኮች በባንዲራ መምራት አለበት። ጀርመኖች በ1940 ፈረንሳይን ሲወጉ ከታንኮቻቸው ከግማሽ በላይ ፓንዘር 1 እና 2 ነበሩ፤ ፓንዘር 1 ደግሞ 13 ሚሊ ሜትር ብረትና ሁለት መትረየስ ብቻ ያለው፣ በእርሻ ትራክተር ስም ተደብቆ የተሠራ ማሽን ነው። ታንኮቻቸው ግን ይሰማማሉ፤ ሬዲዮ አላቸው። በፓንዘር 3 ደግሞ ማማው ውስጥ ሦስት ሰው አለ፤ አዛዡ ማየትና ማዘዝ ብቻ ነው ሥራው።

ሶቪየቶች ከእንግሊዙ ቪከርስ ባለ 6 ቶን የወሰዱትን ቲ-26 መጀመሪያ በሁለት ትንንሽ ማማ ሠሩት፤ በ1933 ወደ አንድ ባለ ሁለት ሰው ማማና 45 ሚሊ ሜትር መድፍ ቀየሩት። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፓንዘር 1 ይህን መድፍ ሊቋቋም አልቻለም። ሆኖም በ1936 ጥቅምት 29 ሴሴኛ ላይ 15 ቲ-26 ከተማውን ጥሰው ሲያልፉ እግረኛው ሳይከተላቸው ቀረ፤ ቤንዚን በጠርሙስ የያዙ ወታደሮች ጎዳና ውስጥ ገጠሟቸው። ማማ የደምበጊናን ግማሽ ችግር ይፈታል፤ ሌላው ግማሽ አብሮ የሚሄደው እግረኛ ነው።

ይህን በወረቀት ብቻ አትያዙት። አንድ ትልቅ ካርቶን ውሰዱ፣ ፊቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀዳዳ ክፈቱ። አንዱ ውስጥ ገብቶ ብቻውን ዒላማ ይፈልግ፣ ከወለል ላይ ጠርሙስ አንስቶ “ያጉርስ”፣ ያልም፣ ፊቱ የተቀመጠውን ጓደኛውን በእግሩ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይምራ። ሌላው ከውጭ ሆኖ የዒላማውን ቦታ በየግማሽ ደቂቃው ይቀይር፣ ስንቱ እንዳመለጠውም ይመዝግብ። ቀጥሎ የሚያጎርስ ሁለተኛ ሰው አስገቡና እንደገና ቁጠሩ፤ ከዚያ ደግሞ የሚያልምና የሚተኩስ ሦስተኛ ሰው ጨምሩና የመጀመሪያው እንዲያይና እንዲያዝ ብቻ ተዉት።