የአቶም ኒውክለስ ሲጋጭ እንዴት ይበታተናል? ጥያቄና መልስ

መምህር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ጉልበት ስትጠሩ በአንድ ኒውክሊዮን ስንት እንደሚደርስ ንገሩኝ። ኒውክሊዮን ማለት በኒውክለስ፣ በአቶም እምብርት ማለት ነው፣ ውስጥ ያለ ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን ነው።

ጀማሪው፦ መምህር፣ ኒውክለስ ሲጋጭ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰባበረው?

መምህር፦ ብርጭቆውን ተወውና የውሃ ጠብታ አስብ። አንድ ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን ነቅሎ ለማውጣት በአማካይ 8 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው፤ ባጭሩ «ሜጋ» እንበለው) ገደማ ያስፈልጋል። ግጭቱ ለዘብ ያለ ከሆነ ኒውክለሱ ይሞቅና ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ እያተነነ ይበርዳል። በአንድ ኒውክሊዮን 50 ወይም 100 ሜጋ ይዞ ፊት ለፊት ከተላተመ ግን ሌላ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ይጨመቃል። ከዚያ ያብጥና ይሳሳል። ሲሳሳ ቅንጣቶቹ እዚህም እዚያም ይቋጠራሉ። እያንዳንዱ ቋጠሮ ቁራጭ ይሆናል። ሁሉም ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ተገፋፍተው ይራራቃሉ። በጣም የምወደው ቅጽበት ይሄ ነው!

ቸኳዩ፦ 100 ሜጋ ወርቅን ይበታትናል?

መምህር፦ በአንድ ኒውክሊዮን ወይስ በጠቅላላ? አሁን ነው የተናገርኩት። ወርቅ 197 ኒውክሊዮን አለው። 100ን ለ197 አካፍል፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሜጋ ገደማ ይደርሰዋል። ያ ያሞቀዋል እንጂ አይበታትነውም።

ሦስተኛ ጠያቂ፦ ከአቶም ቦምብ በምን ይለያል?

መምህር፦ እዚያ ያለው ፊሽን ነው፤ ከባዱ ኒውክለስ ለሁለት ይከፈላል። ስለ ቦምብ ሌላ ቦታ ጠይቁ።

ተጠራጣሪ፦ አንዳንዶች «ኒውክለስ ይፈላል» ይላሉ። መቶ ሁለት መቶ ቅንጣት ይዞ ምን ፍላት አለ? ማጋነን ነው።

ጀማሪው፦ ለምን አይፈላም? መምህር ራሳቸው ጠብታ ነው ብለዋል እኮ።

ተጠራጣሪ፦ ምሳሌ ማስረጃ አይሆንም ወንድሜ።

መምህር፦ ተረጋጉ፣ ማስረጃ አለ። ጀርመን ዳርምሽታት ውስጥ አላዲን የሚባል የተመራማሪዎች ቡድን ወርቅን ከወርቅ ጋር በአንድ ኒውክሊዮን 600 ሜጋ አጋጨ። ውጤቱ በ1995 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቴርሞሜትራቸው የሄሊየምና የሊቲየም አይሶቶፖች (በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለያዩ ዓይነቶች) ምጣኔ ነበር። ኒውክለሱ የተቀበለው ጉልበት ሲጨምር የሙቀት መጠኑ 5 ሜጋ አካባቢ ላይ ቆም አለ፤ ወደ 58 ቢሊዮን ዲግሪ ማለት ነው። የፈላ ውሃም እሳት ቢጨመርበት እዚያው 100 ዲግሪ ላይ ይቆያል። ተጠራጣሪ ግን አንድ እውነት ይዟል። ጠብታው ትንሽ ነው፣ ቻርጅም አለው። ስለዚህ እንደ ድስት ውሃ ጥርት ያለ የመፍያ ነጥብ አትጠብቁ።

ቸኳዩ፦ ታዲያ ጉልበቱ በጣም ቢበዛ ቁራጩም ይበዛል?

መምህር፦ «በጣም» ስንት ነው? በአንድ ኒውክሊዮን ንገረኝ እንጂ! ለማንኛውም እስከ ልክ ድረስ ይበዛል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ቋጠሮ ለመሆን ጊዜም አይኖር፤ ሁሉም ወደ ነጠላ ፕሮቶንና ኒውትሮን፣ ቢበዛ ወደ ሄሊየም ይበተናል።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ አሁን ገባሁ፣ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበረው?

መምህር፦ ከላይ አንብብ።

ጀማሪው፦ ከላብራቶሪ ውጭስ ይሄ ነገር ይከሰታል?

መምህር፦ ሁልጊዜ። የኮስሚክ ጨረር (በኅዋ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት የሚበሩ ቅንጣቶች) ካርቦንና ኦክስጅን እዚያው ኅዋ ውስጥ ከሃይድሮጅን ጋር ይላተማሉ፣ ይሸራረፋሉ። ቤሪሊየም የሚባለው ንጥረ ነገር በአብዛኛው የተገኘው ከዚያ ሽርፍራፊ ነው።