መልስ፦ ውሃውን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ስከፍል ለምን በረኪና በረኪና ይሸታል?

ወንድሜ፣ በ9 ቮልት ባትሪና በሁለት ምስማር ስትሞክር ሽታውን ያመጣው የጨመርከው የገበታ ጨው ነው። ጨው ካለ በፖዘቲቩ ጫፍ ከኦክስጅን ጋር ክሎሪን ይወጣል። ክሎሪን መርዝ ስለሆነ መስኮቱን ክፈትና ውሃውን ድፋው። ቡናማው ዝቃጭ ደግሞ ከምስማሩ የወጣ ዝገት ነው።

ንጹህ ውሃ ብቻውን ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማያስተላልፍ የሚሟሟ ነገር የግድ ያስፈልጋል። በጨው ፋንታ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሟ፤ ምስማሩንም በመጻፊያ እርሳስ ውስጥ ባለው ጥቁር ዘንግ (ግራፋይት) ተካ። የማይዝግ ብረት ፖዘቲቭ ላይ አታድርግ፣ መርዛማ ክሮሚየም ሊለቅ ይችላል።

በኔጌቲቩ በኩል የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን የኦክስጅኑ እጥፍ መሆን አለበት። ልክ 2 ለ 1 ባይመጣልህ ግን አትደናገጥ፤ ኦክስጅን ከሃይድሮጅን ይልቅ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ከፊሉም ግራፋይቱን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የጋዙን መጠን የሚወስነው አምፒሩ (የኤሌክትሪክ ፍሰቱ መጠን) ነው፦ 1 አምፒር በአንድ ሰዓት 0.45 ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ይሰጣል።

አደራህን፣ ሁለቱን ጋዞች በአንድ ዕቃ አታጠራቅም፣ ዕቃውንም አትድፈን። ድብልቁን ለማፈንዳት ሽቦ ስትነቅል የምትፈጠር ብልጭታ ትበቃለች።