ከርክ ወይስ ስፖክ? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ድሮው ስታር ትሬክ

ስለ ድሮ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁ። የሚገርመው አብዛኛው ጥያቄ ስለ አንድ ድራማ ነው፤ ከ1966 እስከ 1969 በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ ስለታየው የመጀመሪያው ስታር ትሬክ። ድራማው በጠፈር መርከብ ስለሚጓዙ ሰዎች ነው፤ ከርክ የመርከቧ ካፒቴን ነው፣ ስፖክ ደግሞ ግማሽ ሰው ግማሽ ቩልካን (ከሌላ ዓለም የመጣ ሕዝብ) የሆነው ባለሹል ጆሮ ባልደረባው፤ እሱን የተጫወተው ሊዮናርድ ኒሞይ ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እንጀምር።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር መግባባት አቅቶናል። እሱ “መሪ ተዋናዩ ካፒቴን ከርክ ነው፣ ስሙም መጀመሪያ የሚወጣው የሱ ነው” ይላል። እኔ ደግሞ ስፖክ ባይኖር ማን ያየው ነበር ባይ ነኝ። እባክህ ፍረድልን።
(ሁለት ወንድማማቾች፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በወረቀት ከሆነ ወንድምህ ረትቶሃል። ስሙም፣ የካፒቴኑ ወንበርም የዊሊያም ሻትነር ነበር።

የአድናቂዎች ደብዳቤ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ኤንቢሲ መጀመሪያ ያን ባለሹል ጆሮ ሰውዬ ጨርሶ አልወደደውም። ሰይጣን ይመስላል፣ ተመልካች ያስደነግጣል ብለው ሰጉ። እንዲያውም ለማስታወቂያ ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ የሊዮናርድ ኒሞይን ጆሮና ቅንድብ ነካክተው ተራ ሰው አስመስለውት ነበር። ድራማው መታየት ሲጀምር የአድናቂ ደብዳቤ የጎረፈው ለማን ሆነ? ለዚያው ለባለሹል ጆሮው! ኒሞይ በሦስቱም ሲዝን ኤሚ ለተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት ታጨ። ሻትነር በከርክ አንዴም አልታጨም።

ደስ ብሎህ ወንድምህን ከመጥራትህ በፊት ግን ትንሽ ታገሰኝ። ከሻትነር በፊት የተቀረጸ አንድ የሙከራ ክፍል አለ። ካፒቴኑ ጄፍሪ ሃንተር የሚባል ተዋናይ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሐሳቡን በውስጡ የሚይዝ ዓይነት። እዚያ ውስጥ ስፖክን ብታየው አታውቀውም። ይጮኻል፤ አንድ ተክል ሲያይ ደግሞ ፊቱ በርቶ ፈገግ ይላል። ስፖክ! ኤንቢሲ ያንን ክፍል ሳይቀበለው ቀረና ሌላ ሙከራ አዘዘ፤ ሃንተር አልተመለሰም፣ ሻትነር መጣ። ኒሞይ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ አጠገቡ ያለው ካፒቴን ቁጥብ በነበረ ጊዜ ሙቀቱን የሚያመጣው እሱ መሆን ነበረበት፤ ሻትነር እንደዚያ እየተንቀሳቀሰና እየጋለ ሲመጣ ግን እሱ ረጋ የሚልበት ቦታ አገኘ። እኔ የምለው ይሄንን ነው። የምትወደው የስፖክ እርጋታ ግማሹ የሻትነር ሥራ ነው።

ሌላም ማስረጃ አለኝ። ስፖክ ትከሻና አንገት መሀል ቆንጠጥ አድርጎ ሰው የሚጥልባትን ነገር ታውቋታላችሁ አይደል? ድርሰቱ ላይ የተጻፈው ከኋላ መጥቶ በመሣሪያ ሰደፍ ጭንቅላቱን ይመታዋል የሚል ነበር። ኒሞይ “ይሄማ የካውቦይ ፊልም ነው፣ ስፖክ እንዲህ አያደርግም” ብሎ መቆንጠጡን ራሱ ፈጠረ። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። ኒሞይና ሻትነር ሠርተው አሳዩት፤ ሻትነር ሲቆነጠጥ ሽምድምድ ብሎ ወደቀ፣ በቃ፣ አለቀ። እንደዚያ አሳማኝ አድርጎ ባይወድቅ ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሳት አይኖርም ነበር።

ሻትነር ቃል እየቆራረጠ ይናገራል እያሉ የሚቀልዱበት ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ያበዛዋል፤ በተለይ በሦስተኛው ሲዝን። ግን ሰውዬው ከመድረክ የመጣ ነው። ካናዳ ውስጥ ስትራትፎርድ በሚካሄደው የሼክስፒር ፌስቲቫል የክሪስቶፈር ፕላመር ተተኪ ነበር፤ በ1956 ፕላመር ሲታመም ሄንሪ አምስተኛን ሆኖ ድንገት መድረክ ላይ ወጣ። እኔ እንዲያውም ያ አነጋገሩ ይመቸኛል። ካፒቴኑ እያሰበ እንደሚናገር ያሳያል።

ስለዚህ ፍርዴ፦ መሪው ከርክ፣ የተወደደው ስፖክ። ሁለታችሁም ግን አንድ ሰው ረስታችኋል። የመርከቧ ሐኪም ዶክተር ማኮይ የት ሄደ? እሱን የተጫወተው ዲፎረስት ኬሊ ለዓመታት በካውቦይ ፊልሞች ውስጥ ክፉ ሰው ሲሆን የኖረ ተዋናይ ነው፤ እዚህ ግን የመርከቧ ልብ እሱ ነው። ስፖክ ፊቱ ሳይንቀሳቀስ አንድ ነገር ጣል ሲያደርግ ነገሩ ቀልድ መሆኑን የምናውቀው የማኮይን ፊት አይተን ነው። ያለ እሱ የሁለቱ ጭቅጭቅ ደረቅ ይሆን ነበር።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ጣታቸውን ለሁለት ከፍለው “ስፖክ! ስፖክ!” ይጫወታሉ። እኔ ግን ምኩራብ ውስጥ ኮሃኒም (ካህናቱ) ሲባርኩ የሚያደርጉትን ነው የሚመስለኝ። ተሳስቼ ይሆን?
(እናት፣ ከናታንያ)

መልስ፦ በፍጹም አልተሳሳቱም። ኒሞይ ቦስተን ውስጥ የተወለደ፣ ከዩክሬን የተሰደዱ አይሁድ ወላጆች ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ምኩራብ ውስጥ ካህናቱ ሲባርኩ አባቱ “አትመልከት” አሉት፤ ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ሸፍኗል። እሱ አጮልቆ አየ። ከጣሊታቸው (ከጸሎት መጎናጸፊያቸው) ሥር እጃቸውን እንዴት እንደዘረጉ አይቶ ቤቱ ገብቶ ተለማመደው። የጣቶቹ ቅርጽ ሺን የምትባለውን የዕብራይስጥ ፊደል ነው የሚሠራው፤ የእግዚአብሔር ስም የሆነው የሻዳይ መጀመሪያ ናት። ፊደሏን ያየ የእኛን ንጉሡ “ሠ”ን ማስታወሱ አይቀርም።

በ1967 የሁለተኛው ሲዝን መክፈቻ ላይ ስፖክ ለሠርግ ወደ አገሩ ይመለሳል። ኒሞይ “ሕዝቡ የራሱ ሰላምታ ያስፈልገዋል” ብሎ ያቺን የልጅነት ምልክት አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ያየው ሁሉ በሷ ሰላም ይለው ጀመር። አብዛኞቹ በካህናት ቡራኬ እየተባረኩና እየባረኩ መሆናቸውን ሳያውቁ! ጣትዎ እምቢ ካለዎት ደግሞ አይጨነቁ። እዚያው ክፍል ውስጥ ትልቋን ወይዘሮ ሆና የተጫወተችው ሴሊያ ሎቭስኪም ጣቶቿ አልከፈል ብለዋት፣ ካሜራው በማያይበት በሌላ እጇ አስተካክላ ነው ያነሳችው።

ጥያቄ፦ ማርቲን ሉተር ኪንግ የስታር ትሬክ አድናቂ ነበሩ የሚባለው እውነት ነው ወይስ የሶሻል ሚዲያ ወሬ?
(ተጠራጣሪዋ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ባለታሪኳ ራሷ ደጋግማ የተናገረችው ነው። የመርከቧን መኮንን ሌተናንት ኡሁራን የተጫወተችው ኒሸል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ወደ ቲያትር ልመለስ ብላ ለድራማው ፈጣሪ ለጂን ሮደንቤሪ መልቀቂያ አስገባች። እሱም ቅዳሜና እሁድን አስቢበት አላት። በዚያው ሰሞን በአንድ ዝግጅት ላይ አንድ አድናቂሽ ሊያገኝሽ ይፈልጋል ተባለች፤ ዞር ስትል ኪንግ! እሳቸውና ባለቤታቸው ልጆቻቸው አምሽተው እንዲያዩ የሚፈቅዱት ይህን ድራማ ብቻ መሆኑን ነገሯት። ልትለቅ መሆኑን ስትነግራቸው ግን አይሆንም አሉ፤ እንደ ሎሌ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ባለሙያ የምትታይ ጥቁር ሴት መኖሯ ምን ማለት እንደሆነ አስረዷት። ሰኞ ተመለሰች።

ለእኔ ትልቁ ነገር ከዚያ በኋላ የሠራችው ነው። በ1977 ናሳ ሴቶችና ጥቁሮች ለጠፈርተኝነት እንዲያመለክቱ ቀስቅሺልን አላት፤ አገር ለአገር ዞረች። በ1978 ከተመረጡት 35 ሰዎች ውስጥ 6 ሴቶች ነበሩ፤ ጋይ ብሉፎርድን ጨምሮ 3 ጥቁር አሜሪካውያንም ነበሩበት። በ1992 ወደ ጠፈር የወጣችው ሜይ ጀሚሰን ደግሞ ልጅ ሆና ኡሁራን እያየች ማደጓን አልደበቀችም። በ1993 በኋለኛው ስታር ትሬክ አንድ ክፍል ላይም ብቅ ብላለች።

ጥያቄ፦ ያኔ ተዋናዮቹ ለአድናቂ ደብዳቤ ይመልሱ ነበር? ዛሬ እኮ ኮሜንት ብትጽፍ የሚያይህ የለም።
(ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ሁሉንም አይችሉም ነበር። አንዱን ልንገርህ ግን። በ1968 እናቷ ጥቁር አባቷ ነጭ የሆነች አንዲት ልጅ፣ ነጮቹም ጥቁሮቹም እንደማያቀርቧት ገልጻ ለስፖክ ጻፈች። ለኒሞይ አይደለም፣ ለስፖክ! ኒሞይም ፌቭ በሚባል የወጣቶች መጽሔት ላይ ረዘም ያለ መልስ ሰጣት። ስፖክም ግማሽ ሰው ግማሽ ቩልካን ነው፤ ልጅ ሳለ ሁለቱም ወገን አይቀበለውም ነበር፤ በሌሎች ከመወደድ ይልቅ ራሱን ማክበርን መረጠ አላት። እንደ አምድ አዘጋጅ ስመለከተው ትንሽ ቀናሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ ጽፌ አላውቅም።

ደብዳቤ ደግሞ በሌላ በኩልም ሠርቷል። ኤንቢሲ ድራማውን ሊያቋርጥ ነው ሲባል ቢጆ ትሪምብልና ባለቤቷ ጆን አድናቂዎችን አስተባብረው ጣቢያውን በደብዳቤ አጥለቀለቁት፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ ካልቴክ የተባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። በመጋቢት 1968 ጣቢያው ድራማው ይቀጥላል ብሎ በአየር ላይ ለመናገር ተገደደ። ከዚያ ሦስተኛውን ሲዝን ዓርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ወጣቱ ሁሉ ከቤት በወጣበት ሰዓት ወርውረው ቀበሩት። ተንኮል ካልሆነ ስንፍና ነው።

ጥያቄ፦ የመርከቧ መሐንዲስ ስካቲ አንድ ጣት የለውም የሚባለው ልክ ነው?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ልክ ነው። ስካቲን የተጫወተው ጄምስ ዱሀን በካናዳ ጦር ውስጥ የመድፈኛ መኮንን ነበር፤ ሰኔ 6 ቀን 1944 ኖርማንዲ፣ ጁኖ ባሕር ዳርቻ ላይ ወርዷል። የዚያን ዕለት ማታ የራሱ ወገን ወታደር በስህተት ተኩሶበት የቀኝ እጁን መሀል ጣት አጣ። ደረቱ ላይ ያረፈችውን ጥይት ያቆመችለት ከብር የተሠራች የሲጋራ መያዣው ናት። ድራማው ውስጥ እጁን እየደበቀ ስለሚጫወት አብዛኛው ሰው ልብ አይልም። ማየት ከፈለግክ መርከቧን የሚሞሉትን ጸጉራም ድብልብል እንስሳት የያዘውን የ1967 ክፍል ፈልግ፤ ታቅፏቸው ሲመጣ ቀኝ እጁን ተመልከት።